የእናት መንፈስ ጤንነትና የሕፃን አስተዳደግ

በአገራችን አራስ መጠየቅ የታወቀ ደግ ልማድ ነው። ወዳጅ ዘመድ ገንፎውንና አጥሚቱን ይዞ ይሄዳል፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎም ይመርቃል። ዳሩ ግን የሚጠየቀው የገላዋ ጤንነትና የጡቷ ወተት ነው እንጂ ስለ መንፈሷ ሁኔታ የሚጠይቃት ጥቂት ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፥ በማደግ ላይ ባሉ አገሮች ከወለዱ እናቶች መካከል ከመቶ 20 የሚጠጉት የአእምሮ ሕመም፥ በተለይም ድብርት፥ ያገኛቸዋል። ጉዳቱም በእናቲቱ ብቻ የሚወሰን አይደለም።

ሕፃን በአፉ ከመናገሩ በፊት በዐይኑ ይነጋገራል። ሲስቅ ሲስቁለት፥ ሲያለቅስ ሲያባብሉት፥ ሰውን ማመንንና ስሜቱን ማብረድን ይማራል። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ኤድዋርድ ትሮኒክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጡት ጥናት፥ እናቶች ለጥቂት ደቂቃ ፊታቸውን ያለ ስሜት እንዲያቆዩ ተደረገ። ሕፃናቱ በመጀመሪያ እናታቸውን ለማሳቅ ሞከሩ፤ አልሆን ሲላቸው ግን ፊታቸውን አዞሩ። በድብርት የተያዘች እናት ልጇን ስለማትወድ ሳይሆን ኀይሏ ስለ ደከመ፥ እንዲህ ያለው ዝምታ ለሳምንታት ሊቀጥል ይችላል። ሆኖም አባት ወይም አያት ሕፃኑን ሲያጫውቱት፥ እናቲቱም ስትታከም ጉዳቱ ይቀንሳል።

ለሕክምናው የግድ ብዙ ሊቃውንት አያስፈልጉም። በፓኪስታን፥ በራዋልፒንዲ ገጠር ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ሥራ ለዚህ ማስረጃ ነው። በድብርት የተያዙትን እናቶች በሁለቱም ወገን የመንደር ጤና ሠራተኞች እኩል ጊዜ ጎበኟቸው፤ ልዩነቱ የአንደኛው ወገን ሠራተኞች ስለ ሐሳብና ስለ ጭንቀት ማነጋገርን መማራቸው ብቻ ነበር። ልጁ ስድስት ወር ሲሆነው ከነዚህ እናቶች መካከል በድብርት ላይ የቀሩት ከመቶ 23 ሲሆኑ፥ በሌላው ወገን ግን ከመቶ 53 ነበሩ።

እኛም ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ዕረፍት ፈቅዷል። እንግዲህ ጎብኚዋም ቀኑም ሳይጠፋ የጎደለው ጥያቄው ነው። «እንቅልፍሽስ? ልብሽስ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ፥ መልሱንም ሳይነቅፉ መስማት፥ ሲከፋም ወደ ሐኪም መውሰድ ወጪ የማይበዛበት ሥራ ነው። ይህን ጥያቄ በጤና ጣቢያው መዝገብ፥ በመሥሪያ ቤቱና በየቤቱ ማስገባት የተማረው ወጣት ድርሻ ነው።