ርጋታ አስቀድሞ የሚጠራቀም ሀብት ነው

የትንሣኤ በዓል ሲቃረብ ገበያው ይደምቃል፤ የሰውም ልብ ይጨነቃል። አባወራው የበጉንና የዘይቱን ዋጋ ከኪሱ ጋር ያስተያያል። እማወራዋ ዶሮውን፣ ቅቤውንና ሽንኩርቱን ስትደምር እንቅልፏ ይሸሻል። ልጆች ደግሞ አዲስ ልብስ ይጠብቃሉ። ከባሕር ዳር በስተደቡብ ምዕራብ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በመራዊና በዙሪያዋ ባለው የሜጫ ገጠር በዚህ ሁሉ ላይ ሌላ ሸክም ይታከልበታል። የበዓሉ ወጪ በሚወጣበት ሰሞን ለክረምቱ የበቆሎ ዘርና ማዳበሪያ መግዣም መታሰብ ይኖርበታልና። አንዱን ጎተራ ሁለት ባለጉዳይ ይጠይቀዋል ማለት ነው።

እንዲህ ለተጨነቀ ሰው ብዙ ጊዜ የምንለግሰው ምክር «አይዞህ፣ አትጨነቅ፣ ተረጋጋ» የሚል ነው። ቃሉ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ለመሆኑ ርጋታ በጭንቅ ዕለት በቃል ብቻ የሚታደል ነገር ነውን? በእኛ እምነት ርጋታ እንደ እህልና እንደ ውኃ በደህናው ቀን የሚጠራቀም፣ በክፉው ቀን የሚወጣ ሀብት ነው።

ለዚህ አባባላችን ምስክር ፍለጋ ከመራዊ ርቀን መሄድ አያሻንም፤ የቆጋ ግድብ በደጃፏ ነው። ግድቡ የክረምቱን ጎርፍ ተቀብሎ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ እንዲይዝና በበጋ 7 ሺህ ሄክታር ገደማ መሬት እንዲያለማ ታቅዶ የተሠራ ነው። በመስኖው ውስጥም ሌሊት የሚፈሰውን ውኃ ይዘው ቀን ለገበሬው ማሳ የሚያደርሱ ማጠራቀሚያዎች አሉ። በመጋቢት ፀሐይ ስንዴው ሲጠማ ዝናብ ፍለጋ ሰማይ ቢያንጋጥጡ ምን ይገኛል? ማሳውን የሚያጠጣው ውኃ ገና በሐምሌና በነሐሴ የተያዘው ነው። የሰው ልቡናም እንዲሁ ነው።

ይህ እውነት በምድር ብቻ ሳይሆን በሰማይም ታይቷል። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 አውሮፕላን በሦስት ጠላፊዎች እጅ ወደቀ። ነዳጁ እስከ አውስትራሊያ እንደማያደርስ ቢነገራቸውም ጠላፊዎቹ አላመኑም። በመጨረሻም ነዳጁ አልቆ ሞተሮቹ ጠፉ። ካፒቴን ልዑል አባተም ከጠላፊዎቹ ጋር እየታገለ አውሮፕላኑን በኮሞሮስ ደሴት ዳርቻ ባሕር ላይ አወረደው። በውስጡ ከነበሩት 175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ፤ 50ዎቹ ተረፉ። ካፒቴኑ ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ ጠለፋ ደርሶበት ነበር። የዚያን ዕለት የታየው ጽናቱ በዓመታት ሥልጠናና ልምድ የተጠራቀመ ነበር። በአንጻሩ የሕይወት አድን ጃኬታቸውን ከአውሮፕላኑ ሳይወጡ እንዳይነፉ ተነግሯቸው ሳለ በድንጋጤ አስቀድመው የነፉ ተሳፋሪዎች ውኃው ሲገባ ወደ ጣሪያው ተንሳፍፈው መውጫ አጡ። በእነርሱ ላይ ማንም ሊፈርድ አይችልም፤ ለእንዲህ ያለው ሰዓት የተለማመደ ተሳፋሪ ከወዴት ይገኛል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ብሂል ግን እጅግ መሪር በሆነ መንገድ ተፈጽሟል።

የሰውነታችንም አሠራር ይህንኑ ያስረዳል። በድንጋጤ ጊዜ አድሬናሊን የተባለው ሆርሞን ልብን ያፈጥናል፤ ጡንቻንም ለሩጫ ወይም ለትግል ያዘጋጃል። ለአንድ አፍታ ጠቃሚ ነው። ለሳምንታትና ለወራት ሲቀጥል ግን እንቅልፍ ይነሳል፤ ቁጣን ያበዛል፤ ጤናንም ይጎዳል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2012 ዓ.ም. ባወጣው የጭንቀት መቋቋሚያ መመሪያ ትንፋሽን ማዘግየትን፣ እግርን መሬት ላይ አጽንቶ በዙሪያ ያለውን ማስተዋልን የመሳሰሉ ቀላል ልምምዶችን ይመክራል። ልብ ልንለው የሚገባን መመሪያው በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ተለማመዱ ማለቱን ነው። ጭንቁ ከመጣ በኋላ የሚጀመር ልምምድ ዘግይቷልና።

እነሆ፣ አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ያለ መመሪያ ያውቁት ነበር። እድር ምንድን ነው? ማንም ሳይሞት በየወሩ የሚዋጣ፣ ሞት በመጣ ዕለት ድንኳኑም፣ ድስቱም፣ ቀባሪውም ተዘጋጅቶ የሚገኝበት ማጠራቀሚያ አይደለምን? ሐዘንተኛው ሐዘኑን ብቻ እንዲያዝን ሌላውን ጭንቀት ጎረቤቱ ይሸከምለታል። በበዓልም ብቻውን በሬ መግዛት የማይችል ሰው ከወዳጆቹ ጋር ቅርጫ ይገባል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ መባሉ ስለዚህ ነው።

ርጋታ ስንል ታዲያ ዝምታ ማለታችን ከቶ አይደለም። መራዊ ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. የደረሰባትን መዘንጋት አይቻልም። በዚያን ጊዜ ቢያንስ 45 ሲቪሎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች ከሕግ ውጭ መገደላቸውን ማረጋገጡን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። የቤቷን ምሰሶ የቀበረችን እናት «ተረጋጊ» ብሎ መሄድ ምክር ሊሆን አይችልም። ሐዘን ሊለቀስ፣ በደል ሊነገር፣ ፍትሕም ሊጠየቅ ይገባል። እውነተኛ ርጋታ ሰው እንባውን ሳይደብቅ፣ ቁጣውም ወደ ሌላ ጥፋት ሳይነዳው ይህን ሁሉ እንዲያደርግ የሚያስችለው ብርታት ነው። ይህ ብርታት ደግሞ አብሮ የሚቀመጥ፣ አብሮ የሚሰማ ሰው ይፈልጋል። እንቅልፍ ያጣና ተስፋ የቆረጠ ሰው ካለም ወደ ሐኪም ዘንድ መሄዱ እንደ ወባ ሕክምና ሁሉ የማያሳፍር መሆኑን ልናስተምር ይገባናል።

እንግዲህ በዚህ በዓል የምናሳስበው ትንሽ ነገር ነው። ለበዓሉ ከአቅም በላይ ተበድረን የክረምቱን ዘር አንብላ። ልጆቻችን የቤታችንን አቅም በፍቅር ቃል ይወቁት። ከአንዳችን ቤት ዶሮ ቢጎድል ከጎረቤት ቤት እንጀራው ይሻገር። ከሁሉ በላይ ባለፈው ዓመት አብሮ የነበረ ሰው ዛሬ የጎደለበትን ቤት በር እናንኳኳ፤ ቡናው እስኪፈላ፣ ሦስተኛውም እስኪጠጣ እንቀመጥ። የነገው ጭንቅ በመጣ ጊዜ የምንቀዳው ከዚህ ነውና።

መልካም የትንሣኤ በዓል ይሁንልን!