ማሩን አሥራ አራተኛ ያደረግሁበት ምክንያት

ኃይሌን ስድስተኛ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ቀነኒሳን አምስተኛ። ስድብ ያዘጋጀ አንባቢ ትንሽ ይታገሠኝና መጀመሪያ ደንቡን ይስማ። የማወራው ስለ ማራቶን ብቻ ነው፣ ያውም ስለ ወንዶቹ። አሥር ሺህ ሜትር ቢሆን ሁለቱን ከላይ ከማስቀመጥ ሌላ ምርጫ አልነበረኝም፤ ማን ይቅደም የሚለውን ግን ለጠብ ፈላጊ እተወው ነበር። ሴቶቹ ደግሞ ከፋጡማ ሮባ እስከ ትግስት አሰፋ የራሳቸው ዓምድ ይገባቸዋል፤ እመለስበታለሁ።

በምንኖርባት በእስራኤሏ አሽዶድ ይህ ክርክር የሚነሣው ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ሱቁ ዝግ፣ አውቶቡሱ የለ፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ። ትልልቆቹ ከአበበ ቢቂላ ይጀምሩና ማሞ ወልዴን ያስከትላሉ፤ አንዱ ምሩጽ ይፍጠርን ማራቶን ውስጥ ሊያስገባው ይሞክርና ይታረማል። ልጆቹ ስልካቸው ላይ አቀርቅረው ቆይተው ድንገት ይገቡበታል። የእኅቴ ልጅ እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያደገ ነው፤ አማርኛው ጥሩ ነው፣ ክርክሩ ደግሞ ከአማርኛው ይበልጣል። «አጎቴ፣ የእነሱን ከእኛ ጋር አትደባልቅ» ይለኛል። የእሱ ዝርዝር አጭር ነው፤ አንደኛ ማሩ ተፈሪ፣ ሁለተኛ ጋሻው አያሌ፣ ሦስተኛ አየለ ሰጠኝ። የእስራኤል ማራቶን ማለት ለእሱ ይኸው ነው። የትልልቆቹ ዝርዝር የኢትዮጵያ ነው፣ የልጆቹ የእስራኤል፤ ሁሉም የየራሱን ይዞ በሰላም ወደ ቤቱ ይገባል።

እኔ ይህ ሰላም አይመቸኝም። ዝርዝሩ አንድ ነው ባይ ነኝ።

በመጀመሪያ የላይኞቹን ልጨርስ። ስመዝን ሜዳሊያን ከሰዓት አስበልጣለሁ። በርሊን ላይ አሯሯጭ አለ፤ መንገዱ ሜዳ ነው፣ አየሩም ቀዝቀዝ ያለ ነው። ኦሊምፒክና ዓለም ሻምፒዮና ላይ አሯሯጭ የለም፣ ሙቀቱም እንደ ሀገሩ ነው፤ የሚሸለመውም ቀድሞ የገባ እንጂ ሰዓት የሰበረ አይደለም። ከ2017 ወዲህ የመጣው የካርቦን ጫማ ደግሞ የቀድሞውንና የዛሬውን ሰዓት ጎን ለጎን ማስቀመጥ አስቸጋሪ አድርጎታል። (ዘመኑን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፤ እዚህ ሀገር ሌላ አቆጣጠር ይዞ መከራከር አይቻልም።)

አንደኛ አበበ ነው፤ እዚህ ላይ ጊዜ አላጠፋም። ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ካደረገ ስድስት ሳምንት ያህል ቆይቶ እንደገና ወርቅ፣ እንደገና የዓለም ክብረ ወሰን። ሁለተኛ ታምራት ቶላ። አዎ፣ ታምራት። በ2022 ዩጂን ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ በ2023 ኒው ዮርክን በመንገዱ ክብረ ወሰን አሸንፏል። በ2024 ፓሪስ ላይ ደግሞ ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ ሲጎዳ ነው የተጠራው፤ በዚያ አቀበት በበዛበት መንገድ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒክን ክብረ ወሰን ይዞ ወርቁን ወሰደ። ተጠባባቂ ሆኖ ሄዶ ይህን ያደረገ ሰው አላውቅም። ጸጥ ያለ ሰው ስለሆነ ነው መሰለኝ ስሙ በቡና ክርክር ላይ ቶሎ የማይነሣው።

ሦስተኛ ማሞ ወልዴ። ወደ እሱ እመለሳለሁ። አራተኛ ገዛኸኝ አበራ፤ በ2000 ሲድኒ ላይ ኦሊምፒክ፣ በ2001 ኤድመንተን ላይ ዓለም ሻምፒዮና፤ ሁለቱን በማራቶን አጣምሮ ያሸነፈ የመጀመሪያው ወንድ እሱ ነው። ከዚያ ቀነኒሳ፣ በርሊን 2019 ላይ 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ። ከዚያ ኃይሌ፤ በርሊን ላይ በ2007 እና በ2008 ሁለት ጊዜ የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረ፣ ግን በማራቶን የኦሊምፒክም የዓለም ሻምፒዮናም ሜዳሊያ የሌለው። ቤጂንግ ላይ በአየሩ ምክንያት ማራቶኑን ትቶ አሥር ሺውን ሮጠ፤ ያን ጊዜ ማራቶኑን ቢሮጥ ኖሮ ይህን አንቀጽ ሌላ ዓይነት እጽፈው ይሆናል። ሰባተኛ በላይነህ ዲንሳሞ፤ በ1988 ሮተርዳም ላይ ያስመዘገበው 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ አሥር ዓመት ሙሉ ሳይነካ ቆይቷል። ከእሱ ቀጥሎ ሌሊሳ ዴሲሳ፣ ፀጋዬ ከበደ፣ ፈይሳ ሌሊሳ፣ ሲሳይ ለማ። አሥራ ሁለተኛ ሁለት የዓለም ሻምፒዮና ብር ያለው ሞስነት ገረመው፤ አሥራ ሦስተኛ በ1989 ቦስተንን ያሸነፈው አበበ መኮንን።

አሥራ አራተኛ ማሩ ተፈሪ።

የእኅቴ ልጅ ቡናውን አስቀመጠ። «አሥራ አራተኛ? ከሁሉም አንደኛ የነበረውን?»

አሁን ወደ ማሞ ልመለስ፤ የሁለቱ ዝርዝር መገናኛ እሱ ነውና። አሽዶድ ውስጥ ኳስ የሚያይ ሁሉ የሚያውቀው ስታዲየም «ዩድ አሌፍ» ይባላል፤ አሥራ አንድ ማለት ነው። አሥራ አንዱ በ1972 ሙኒክ ኦሊምፒክ ላይ የተገደሉት የእስራኤል ስፖርተኞችና አሠልጣኞች ናቸው። ጥቃቱ የደረሰው መስከረም 5 እና 6 ነው። ውድድሩ ለአጭር ጊዜ ከተቋረጠ በኋላ ቀጠለና ማራቶኑ መስከረም 10 ተሮጠ፤ አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከሮጠ ልክ አሥራ ሁለት ዓመቱ፣ በዚያው ቀን። አበበ ራሱ በመኪና አደጋ ከተጎዳ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር የክብር እንግዳ ሆኖ ሙኒክ ነበር። አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር አንደኛ ወጣ፣ ቤልጂጋዊው ካሬል ሊስሞንት ሁለተኛ፣ ማሞ ወልዴ ሦስተኛ። በ1968 ሜክሲኮ ላይ አበበ ተጎድቶ ሲያቋርጥ ወርቁን ያስገባው ማሞ በ40 ዓመቱ ደግሞ ነሐስ ይዞ ተመለሰ።

ሃምሳ ዓመት ወደፊት። ነሐሴ 15 ቀን 2022፣ ያው ሙኒክ፣ የአውሮፓ ሻምፒዮና። ኦዴዮንስፕላትዝ አደባባይ ላይ መግቢያው ቀርቧል። ፊት ሆኖ የሚመጣው ሰማያዊና ነጭ የለበሰው ማሩ ተፈሪ ነው፤ ጋሻው አያሌም ከኋላው አልራቀም። ማሩ የቀረችውን ሁሉ እየሰጠ ነው፤ ትከሻው ከፍ ብሏል። በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ጀርመናዊው ሪቻርድ ሪንገር በጎን ብቅ አለና በሀገሩ ሕዝብ ጩኸት አልፎት ገባ፤ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ። ማሩ 23፣ ጋሻው 29። አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ሮጦ ወርቅን በሁለት ሰከንድ ማጣት! እዚህ ሀገር ስለ ብሩና ስለ ነሐሱ፣ ስለ ቡድኑ ወርቅም ብዙ ተነገረ፤ ይገባልም። እስራኤል አሥራ አንዱን ባጣችበት ከተማ በማራቶን ቡድን ወርቅ የወሰደችው ከኢትዮጵያ በመጡ ልጆች እግር ነው። በዚያው ከተማ ማሞ በ1972 ሮጧል። ይህን ሁሉ አውቆ ማሩን በአንድ ወረቀት ማሞን በሌላ ወረቀት መጻፍ እኔን አይሆንልኝም።

በተለይ ቡዳፔስት ከመጣ በኋላ። ነሐሴ 27 ቀን 2023 በዓለም ሻምፒዮናው ማራቶን ዩጋንዳዊው ቪክቶር ኪፕላንጋት ቀድሞ ገባ። ከኋላው ለብር የሚታገሉት ማሩ እና ኢትዮጵያዊው ልዑል ገብረሥላሴ ነበሩ። ማሩ በሰባት ሰከንድ ቀደመው። እኛ ቤት ሁለቱም ወገን ጮኸ፤ ማን ለማን እንደጮኸ ግን እስካሁን ያመነ የለም። እናቴ «ሁለቱም ይግቡ እንጂ» ብላ ነበር፤ እንደ ሕግ ባይሠራም እንደ ፍርድ ጥሩ ነው። ልዑል ምርጥ ሰዓቱ ከማሩ ይሻላል፤ ዝርዝሬ ላይ ግን ማሩን ከእሱ በላይ ያስቀመጥኩት አሯሯጭ በሌለበት፣ በሙቀት፣ ትከሻ ለትከሻ ሆነው ስለቀደመው ነው። ደንቡ ለኃይሌ ከሠራ ለልዑልም ይሠራል።

በእኅቴ ልጅ አጭር ዝርዝር ማሩ አንደኛ ነው፤ ማንም አይነካውም። ታዲያ ቢያንስ ደስ አይለውም ወይ ይባላል። እኔ ግን ማሩን አውቆ የሚያከብረው የቱ ነው እላለሁ፤ ሦስት ሰው በተሰለፈበት አንደኛ ማለት ወይስ አበበ ፊት፣ ሞስነት ገረመው ጎን፣ ልዑል ኋላ ባሉበት ሰልፍ አሥራ አራተኛ ማለት? በታኅሣሥ 2022 ፉኩኦካ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ አሸንፏል፤ ቡዳፔስት ብር፣ ሙኒክ ብር። ይህን ሰው ደረጃውን ዝቅ ከሚያደርግበት ዝርዝር ይልቅ ሚዛኑን የሚያሳንስበት ዝርዝር ነው የሚጎዳው። «የእስራኤል አንደኛ» ሲባል የሚሰማው የውጭ ሰው ጥሩ ነው ብሎ ያልፋል። ከኢትዮጵያ ማራቶን ታሪክ አሥራ አራተኛ ሲባል ማራቶን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ቆም ብሎ ይጠይቃል።

ጎረቤታችን ጋሼ ደግሞ በሌላ በኩል ተቆጡኝ፤ አየለ ሰጠኝ የት ሄደ ብለው። አየለን ዝርዝሩ ውስጥ አላስገባሁትም፤ ቁጥር ይሰጠው ካሉኝም ከሃምሳ በታች ነው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ጋቢያቸውን አጣፉ። እውነታቸውን ነው፣ የአየለ ነገር ተራ አይደለም። ወረቀቱ የ1955 ልደት ነው የሚለው። በ2004 አቴንስ ላይ፣ ከማራቶን መንደር ተነሥቶ አቀበቱን በሙቀት ወጥቶ፣ 20ኛ ገባ፤ 49 ዓመቱ ነበር። በ2008 በ53 ዓመቱ ቤጂንግ ላይ ደግሞ ሮጦ ጨረሰ። አበበ ቢቂላ ያረፈው በ41 ዓመቱ ነው፤ አየለ የመጀመሪያ ኦሊምፒኩን የሮጠው አበበ ከኖረው ዕድሜ አልፎ ነው። ሌላው ሰው በዚያ ዕድሜ የጉልበት ሐኪም ይፈልጋል። ግን ዕድሜን በሜዳሊያ ቦታ መመንዘር ከጀመርን ዝርዝሩ የአበሳችን ዝርዝር ይሆናል፤ ያን ጊዜ ወደ እስራኤል ሲመጣ እስከ ሱዳን በእግሩ የተጓዘው ሁሉ አበበን ይቀድመዋል። ለጋሼ ይህን በትሕትና ነገርኳቸው። «አንተ ጠበቃ መሆን ነበረብህ» አሉኝ፤ ምርቃት አልነበረም።

የእኅቴ ልጅ አላቆመም። የእኛና የእነሱ የሚለውን እንደገና አነሣው። እኔም ስም በስም ጠየቅሁት። ማሩ የት ተወለደ? ኢትዮጵያ። ጋሻው? ኢትዮጵያ። አየለ? ኢትዮጵያ። «የእኛ» ብሎ የለየው አጭር ዝርዝር ሦስቱም ሰው እዚያ የተወለደ ነው። ከባሕር ወለል ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ፣ አየሩ በሳሳበት ተወልዶ ትምህርት ቤት በእግሩ የተመላለሰ ልጅ ደሙ ሳይቀር ለዚህ ነገር ይሠራል። አሽዶድ ባሕሩ ላይ ናት፤ እዚህ የተወለደው ልጅ በአውቶቡስ ይሄዳል፣ ከሰዓት ኳስ ይጫወታል። ስለዚህ አጭሩን ዝርዝር ለብቻው ካቆየነው ከዚያ የመጡት ሲያልቁ እሱም ያልቃል።

«እንግዲያው በኳስ እናድርገው» አለኝ፣ «ባሩክ ደጎ አንደኛ።» በአሽዶድ ክለብ ተጫውቶ በማካቢ ቴል አቪቭ በ2004 ቻምፒዮንስ ሊግ ጁቬንቱስ ላይ ጎል ያገባው ባሩክ። እሱም ኢትዮጵያ ነው የተወለደው አልኩት። ትንሽ አሰበና ኤሊ ዳሳን አመጣብኝ፤ እዚሁ ኔታንያ የተወለደ፣ የብሔራዊ ቡድኑ አምበል። እዚህ ላይ መልስ አልነበረኝም። ዳሳ የቀኝ ተከላካይ ነው፤ መስመሩን ይዞ ዘጠና ደቂቃ ይመላለሳል፤ ማራቶን ግን አይሮጥም ብዬ ተከራከርኩ። «እስኪ ርቀቱን ደምርለት» አለኝና ስልኩን አወጣ።