በባዶ ሆድ ኬሞ?

እስኪ እንጠያየቅ። ሉኪሚያ፣ ማለትም የደም ካንሰር የያዘው ሕፃን መድኃኒቱን አግኝቶ ምግብ ካጣ ታከመ ይባላል ወይ? እኛ አይባልም እንላለን።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በሀብታም አገሮች ካንሰር ከያዛቸው 100 ሕፃናት ከ80 በላይ ይድናሉ። በብዙ ድሃ አገሮች ግን 30 እንኳ አይሞሉም። ዘግይቶ መምጣቱ፣ የመድኃኒት እጥረቱ፣ ሕክምና ማቋረጡ ሁሌም ይወራል። የማይወራለት ረሃቡ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኬሞ ካንሰሩን ሲመታ ጤነኛውንም አካል ይነካል። አፍ ይቆስላል፣ ያስመልሳል፣ በሽታ የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል ይቀንሳል። የከሳ ልጅ ይሄን አይችለውም። ኢንፌክሽን ይጥለዋል፤ ሐኪሙም መድኃኒቱን ለመቀነስ ወይም ለማዘግየት ይገደዳል። ያኔ ካንሰሩ ፋታ አገኘ ማለት ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. ከሜክሲኮ የወጣ ጥናት፣ ሉኪሚያ ከያዛቸው ልጆች መካከል በደንብ ከተመገቡት 83 ከመቶው በሽታው ሳያገረሽባቸው 5 ዓመት ሲደፍኑ፣ በምግብ እጥረት ከተጎዱት ግን 26 ከመቶው ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል።

ጉዳቱ ግን የሚመለስ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ የጓቲማላ ጥናት እንዳመለከተው፣ ሕክምና በጀመሩ በ6 ወር ውስጥ ሰውነታቸው ያገገመ ልጆች እንደከሱ ከቀሩት የተሻለ ዕድል ነበራቸው።

እኛ ዘንድስ? በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 ከመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። የሉኪሚያ ሕክምና ደግሞ ከ2 ዓመት በላይ ይወስዳል። በሬውን ሸጦ ከገጠር ጥቁር አንበሳ የመጣ አባት ለቤት ኪራይና ለምርመራ ከፍሎ ለእንቁላል ምን ይተርፈዋል? ለስብሰባ ምሳ በጀት የማያጣ መንግሥት ለታመመ ሕፃን ወተት ያጣል እንዴ?

የምንጠይቀው ቅንጦት አይደለም። ልጁ ገና ሲተኛ የክንዱ ዙሪያ ይለካ፤ ጉበትና ጣፊያ ሲያብጡ ሚዛን ያሳስታልና። በየካንሰር ክፍሉ የምግብ ባለሙያ ይመደብ። የተፈላ ወተት፣ በደንብ የበሰለ እንቁላልና አልሚ ምግብ ከመድኃኒቱ እኩል በጀት ይያዝላቸው።

ወላጆችም ልብ በሉ። ምግብ ብቻውን ሉኪሚያን አያድንም። ኬሞውን አቋርጦ በማርና በቅጠል መተካት ልጅን ለሞት አሳልፎ መስጠት ነው። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም፤ መድኃኒቱም ምግቡም ያስፈልጋሉ።

በስንት ውጣ ውረድ የተገኘ መድኃኒት በረሃብ ምክንያት መና ከቀረ ቁጠባው የቱ ላይ ነው? ጤና ሚኒስቴር ይመልስልን።