ይፋትን ያቃጠለው አለመማር አይደለም

በአጣዬ፣ በካራቆሬ ወይም በጀውሃ ደም በፈሰሰ ቁጥር ከስብሰባ አዳራሾች አንድ ማብራሪያ ይሰማል፤ «ችግሩ የግንዛቤ ማነስ ነው» የሚል። ገበሬውና ከብት አርቢው በግጦሽ ተጣሉ፣ ወጣቱ አልተማረም፣ ስለዚህ ትምህርት ሲስፋፋ ጥይት ይቀንሳል ይባላል። ባለሥልጣኑ ይናገረዋል፣ ጥናት አቅራቢው ይጽፈዋል፣ አዳራሹ ያጨበጭባል። ሐሳቡ እንዲህ የተወደደው የተማረውን ሰው ከተጠያቂነት ነጻ ስለሚያወጣ ነው። እኔ ግን ሐሰት ነው እላለሁ።

ቆላ ይፋት ከሰው ጋር መኖርን ከክፍል ውስጥ አልተማረም። የይፋት ሱልጣኖች ይገዙት የነበረው ይህ ምድር ከዘይላ ወደ መሀል አገር የሚወጡ ነጋዴዎች ለዘመናት የተመላለሱበት ነው። እሑድ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ላይ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ አንዱ በሌላው ቋንቋ ሲከራከር መስማት የተለመደ ነው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ለሠርግም ለለቅሶም ይጠራራሉ። ግጦሽና ውሃ እርግጥ ያጣላሉ፤ ሰውም ይሞታል። ነገር ግን ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ጠቡ እዚያው ይበርዳል። በውሃ የተነሣ ጠብ ከተማ አያነድም።

በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትነድ በአሮጌው ጠብ ላይ ሌላ ነገር ተጨምሮበት ነበር። ወረዳን በካርታ የሚከፋፍል፣ የጥንት በደልን በዓመተ ምሕረት የሚቆጥር፣ ጎረቤትን በጅምላ ስም የሚጠራ ንግግር ነው። ይህን ንግግር የፈጠረው ማንበብ የማይችለው የቀወት ገበሬ ወይም የጅሌ ጥሙጋ ከብት አርቢ አይደለም። በመግለጫ የጻፈው፣ በቴሌቪዥን የተነተነው፣ በፌስቡክ ያባዛው ፊደል የቆጠረው ነው።

አልበርት አንስታይን ይህን ከ90 ዓመት በፊት ተናግሮታል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 1932 ለሲግመንድ ፍሮይድ በጻፈው ደብዳቤ ሰው ከጦርነት የሚድንበት መንገድ ይኖር እንደሆነ ጠየቀ። ሥልጣን የጠማቸውና ከመሣሪያ የሚያተርፉ ጥቂቶች ትምህርት ቤቱንና ጋዜጣውን ይዘው ብዙኃኑን እንደሚነዱ አስረዳ። ቀጥሎም ለዚህ ቅስቀሳ ይበልጥ የሚሸነፈው ያልተማረው ሳይሆን ምሁሩ መሆኑን ጻፈ፤ ምሁሩ ኑሮን የሚያውቀው ከወረቀት ላይ ነውና።

ይህን ያለው አይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1914፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት በተጀመረ በሦስተኛው ወር፣ 93 የጀርመን ምሁራን የአገራቸውን ጦር ከማንኛውም ጥፋት ነጻ የሚያደርግ መግለጫ ፈረሙ። ማክስ ፕላንክ፣ ፍሪትዝ ሃበርና ቪልሄልም ሮንትገን ከፈራሚዎቹ መካከል ነበሩ። ሐኪሙ ጌኦርግ ኒኮላይ ለአውሮፓውያን የሰላም ጥሪ ሲጽፍ ጸሐፊውን ጨምሮ የፈረሙት አራት ብቻ ናቸው፤ አንዱ አንስታይን ነበር።

ወደ እኛ እንመለስ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የአገር ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች የፌዴራሉን መንግሥትና የትግራይ ክልልን ለማስታረቅ መቀሌ ድረስ ሄደዋል። ከኋላቸው ሊቆም ይገባው የነበረው የተማረ ሰው ግን አብዛኛው ብዕሩን ለየወገኑ አሰልፎ ነበር። ጥቅምት 24 ቀን 2013 የትግራዩ ጦርነት ተጀመረ። በዓመቱ፣ በኅዳር 2014፣ ሸዋ ሮቢት ገባ። ዋጋውን የከፈለው ማሾና ሽንኩርቱን ማሳ ላይ ጥሎ የሸሸው ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ጥናቱ፣ የሰላም ኮንፈረንሱና የአቋም መግለጫው መጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

«ደብዳቤ ጦርነት አስቁሞ ያውቃል ወይ?» የሚሉኝ አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የ1932ቱ ደብዳቤ ምንም አላስቆመም፤ ከፍሮይድ መልስ ጋር ታትሞ ሲወጣ ሂትለር ሥልጣን ይዞ ነበር። በአንጻሩ ያው አንስታይን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1939 ስለ አቶም ቦምብ ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የፈረመው ደብዳቤ በዚያው ዓመት ኮሚቴ ተቋቋመለት። ይህ የሚያሳየው የሰላም ቃል ከንቱ መሆኑን አይደለም፤ የሚያስፈጽመው አካል ማጣቱን ነው። አንስታይን ራሱ ፍርድን የማስፈጸም ኃይል የሌለው ሸንጎ ሰላም እንደማያመጣ በዚያው ደብዳቤ አስጠንቅቋል። ማስረጃው ብዙ አልቆየም፤ እኛው ሆንን። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወርረን የመንግሥታት ማኅበር ወራሪውን ጥፋተኛ አለው፤ ነዳጁን ግን አልከለከለውም፣ የስዊዝንም ቦይ አልዘጋበትም።

የይፋትም ዕርቅ በዚሁ ችግር ይፈርሳል። በ2011፣ በ2013 እና በ2015 ዓ.ም. ተኩስ ሲነሣ ኮማንድ ፖስት ወይም የጸጥታ ኃይል ይገባል፣ ሽማግሌ ይጠራል፣ ዱዓና ምርቃት ይደረጋል። ቤት ያቃጠለውና ያስቃጠለው ግን ስሙ ተጠርቶ በአደባባይ ሲዳኝ አይታይም። ሽማግሌው የድርሻውን ተወጥቷል። የቀረው የሕግ አዋቂው፣ የመምህሩ፣ የጋዜጠኛውና የሐኪሙ ድርሻ ነው፤ ፍርድ እንዲሰጥ በጽሑፍ መጠየቅና እስኪፈጸም መከታተል።

ስለዚህ የሸዋ ሮቢትና የከሚሴ መምህራን፣ የአጣዬና የሰንበቴ የጤና ባለሙያዎች፣ የደብረ ብርሃንና የወሎ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን፣ ከውጭ አገር ሆናችሁ የምትጽፉም፦ ቀጣዩ ተኩስ ሳይሰማ አንድ ደብዳቤ በአንድነት ጻፉ። የአማራው፣ የኦሮሞው፣ የአርጎባውና የአፋሩ ፊርማ በአንድ ገጽ ላይ ይስፈር። እያንዳንዱ ፈራሚ በመጀመሪያ የራሱን ወገን ጥፋት ይናገር። የሁሉም ወገን ሟቾች እኩል ይቆጠሩ፤ ገዳዮች በስማቸው እንዲከሰሱ ይጠየቅ። ብቻውን የፈረመ ሰው ሊጠቃ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ኒኮላይም በጸረ ጦርነት አቋሙ ምክንያት ማዕረጉን አጥቶ ተሰድዷል። በአንድነት መፈረም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ከዚህ ቀደም ለጦርነት የጻፋችሁም ብትሆኑ በሩ አልተዘጋባችሁም፤ ከአራቱ አንዱ የሆነው የሥነ ፈለክ ሊቁ ቪልሄልም ፎርስተር ቀድሞ ከ93ቱ ጋር ፈርሞ የነበረ ሰው ነው። እሱ እጁን መልሷል፤ እናንተም መልሱ።