ዶሮዋን ጥላ ነሳናት

የፋሲካ ሰሞን አይደል፣ ዛሬ ስለ ዶሮ ነው የምጽፈው። ስለ ዋጋዋ ግን አላወራም፣ እሱን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ አንድ የድሮ ተማሪዬን ዶሮ ሲሸጥ አገኘሁት። እግራቸውን አስሮ ጠራራ ፀሐይ ላይ ደርድሯቸዋል። «ቲቸር፣ ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ሞቱብኝ፤ ፈንግል ገብቶ ይሆን እንዴ?» አለኝ። የቀሩትን አየኋቸው። አፋቸውን ከፍተው ቁና ቁና ይተነፍሳሉ፣ ክንፋቸውን ከጎናቸው አላቀዋል።

ፈንግል አይደለም ብዬ አልምልም፣ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። ሙቀቱ ግን ዓይኔ እያየ ነበር የሚጨርሳቸው። ያፈርኩት በራሴ ነው። ይሄ ልጅ «ሆሚዮስታሲስ» ምንድን ነው ሲባል በእንግሊዝኛ እንደ ውዳሴ ማርያም ይወርደው ነበር። ትርጉሙን አስያዝኩት እንጂ ዶሮዋን አላሳየሁትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኛ የሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ የዶሮ ከ41 እስከ 42 ነው። ከዚያ ብዙ ከፍ ካለ ትሞታለች። እኛ ሲሞቀን ያልበናል፣ ላቡ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ዶሮ የላብ ዕጢ የላትም። ያላት መላ አፏን ከፍታ ማለክለክ ነው፤ ከአፏና ከመተንፈሻዋ ውሃ ሲተን ሰውነቷ ይበርድላታል። የምትጠጣው ካላገኘች ይሄም ያልቅባታል። ክንፏን የምታላቅቀው ደግሞ ላባው በሳሳበት በብብቷ በኩል ሙቀቱ እንዲወጣላት ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የምታደርገው ቀላል ነገር ነበር፦ ተነስቶ ጥላ መግባት። ሙቀቷን ከውጭ የምታገኘው እንሽላሊት እንኳ ፀሐዩ ሲበረታባት ድንጋይ ሥር ትገባለች። ዶሮዋን እግሯን አስረን የከለከልናት እኛ ነን። ዘቅዝቀን ስንሸከማት ደግሞ ይብሳል። እንደኛ ሆድና ደረትን የሚለይ ድያፍራም ስለሌላት የሆድ ዕቃዋ የአየር ከረጢቶቿን ይጫናል፣ መተንፈስ ያቅታታል። መተንፈሱ እኮ ነው ማቀዝቀዣዋ!

«ለሚታረድ ዶሮ ይሄ ሁሉ ወሬ?» የሚል ኮሜንት እንደሚመጣ አውቃለሁ። የምትታረደው በበዓሉ ነው፣ የምትቃጠለው ግን ዛሬ ነው። ደግሞስ ሦስት ዶሮ ሲሞትበት ለዚያ ልጅ ትርፉ ብቻ መሰላችሁ የሄደው? ዋናውም አብሮ ነው።

ለማንኛውም ጎረቤቱ ሸራ ሥር አዛወርናቸው፣ ሃይላንድ ቆርጠን ውሃ አቀረብንላቸው። እኔም አንዷን ገዝቼ አቅፌ ባጃጅ ስገባ ሹፌሩ «የታቀፉት ልጅ ነው እንዴ ቲቸር?» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። ሰፈር ስንደርስ አፏን ዘግታ ነበር።