ችፌ ያለበትን ሕፃን ስለ ማሳከም

ልጁ የታመመበት ወላጅ የማይወጣው ዳገት፥ የማይጠይቀው ደጅ የለም። ይህ የወላጅ ፍቅር የሚመሰገን ነው፤ ዳሩ ግን ዕውቀት ካልመራው ለታመመው ልጅ ሌላ ሕመም ሊጨምርበት ይችላል። ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆነው ችፌ የተባለው የሕፃናት የቆዳ ሕመም ነው። ሕመሙ ራሱ ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቅ፥ መድኃኒት ፍለጋ ከደጅ ወደ ደጅ በመንከራተት የሚደርሰው ጉዳት የሚብስበት ጊዜ አለና።

በገርጂ፥ በጎሮ፥ በሰሚት፥ በቦሌ አራብሳና በአያት የሚኖር ሰው ይህን ሕመም በራሱ ቤት ባያየው እንኳ ከጎረቤቱ ሳይሰማ አይቀርም። ሕፃኑ ገና ጥቂት ወራት እንደሆነው ጉንጩ ይሻክራል፤ ቀጥሎም የክርኑና የጉልበቱ መታጠፊያ ይቆስላል። ቀን በጨዋታ ተዘንግቶ የዋለው ማሳከክ ሌሊት ይበረታና ሕፃኑ ገላውን ሲያክ ያድራል። እናቲቱ እጁን ይዛ ታነጋለች፤ አባትየውም እንቅልፍ ባጣ ዓይኑ ወደ ሥራው ይሄዳል። ሲነጋ በአንሶላው ላይ የደም ነጠብጣብ ይገኛል። ይህ ለወራትና ለዓመታት ሲመላለስ፥ የአንድ ሕፃን ቆዳ የመላው ቤተሰብ ሕመም ይሆናል።

በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው ችፌ ምን እንደ ሆነ ነው። ችፌ ያለበት ሕፃን ቆዳ ምርጊቱ እንደ ረገፈ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ በውስጥ ያለው እርጥበት ይወጣል፥ በውጭ ያለው አቧራና ተሕዋስያን ይገቡበታል። ሰውነትም የገባበትን እንግዳ ነገር ለመከላከል ሲነሣ ቆዳው ይቆጣል፥ ያሳክካልም። ሕመሙ ከዘር የሚወረስ ዝንባሌ ያለበት ስለ ሆነ፥ አስም ወይም አለርጂ ካለበት ቤተሰብ በሚወለዱ ልጆች ላይ ይበዛል። አዲስ አበባም ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ስለ ሆነች በበጋ ወራት አየሯ ደረቅ፥ ሌሊቷም ቀዝቃዛ ነው፤ በየጊዜው አዲስ ሕንፃ በሚሠራበት በምሥራቁ ክፍል ደግሞ አቧራው ብዙ ነው። ይህ ሁሉ የደረቀውን ቆዳ የባሰ ያደርቀዋል።

ችፌ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እርግማን አይደለም፤ የሰው ዓይን ያመጣው አይደለም፤ የእናት ንጽሕና ጉድለትም አይደለም። ይህ እውነት በሁሉ ዘንድ ስላልታወቀ ግን አንዳንድ መዋዕለ ሕፃናት ልጁን ከሌሎች ልጆች ለይተው ያስቀምጡታል፤ አንዳንዱም «ሲድን አምጡት» ብሎ ወደ ቤቱ ይመልሰዋል። ጎረቤትም ልጁን ከማቀፍ እጁን ይሰበስባል። ደግሞም ቆዳው ሲያገግም ነጣ ያለ ምልክት ስለሚተው፥ ወላጆች ለምጽ የወጣበት መስሏቸው ይደነግጣሉ፤ ይህ ምልክት ግን ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ ራሱ የሚጠፋ ነው። በውጭ አገር የሕክምና መጻሕፍት ችፌ «ቀይ» ተብሎ የተሣለው በነጭ ቆዳ ላይ ስለ ታየ ነው። በጥቁር ሰው ቆዳ ላይ ግን ጠቆር ወይም ግራጫ መስሎ ስለሚታይ፥ የሕመሙ ብርታት ከእውነተኛው ያነሰ ይመስላል።

የሳይንስ ምርመራም ይህን ልዩነት አመልክቷል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. በስኮትላንድ የዳንዲ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት የመሩት ምርመራ፥ ፊላግሪን በተባለው የቆዳ ፕሮቲን ላይ የሚገኝ የዘር ጉድለት ለችፌ ከፍተኛ ምክንያት መሆኑን አሳወቀ። በ2011 ዓ.ም. ግን ኢትዮጵያውያን ሕመምተኞች ሲመረመሩ፥ በአውሮፓውያን ላይ የተለመደው ያ ጉድለት በእነርሱ ላይ አልተለመደም። ከዚህም የተነሣ የኢትዮጵያ ልጅ ሕመም በኢትዮጵያ ምድር፥ በኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ሊጠና የሚገባው መሆኑ ግልጽ ነው።

ወደ መንከራተቱ ነገር እንመለስ ቢባል፥ ጉዞው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከቤት ነው። አንዱ ፌጦ ወቅጠሽ ለጥፊበት ይላል፤ ሌላው ነጭ ሽንኩርት እሺበት ይላል። ሁለቱም ቆዳን የሚያቃጥሉ ስለ ሆኑ በቆሰለ የሕፃን ገላ ላይ ሲደረጉ በችፌው ላይ ሌላ ቁስል ይጨምራሉ። ቀጥሎም ወተትና እንቁላል ይከለከላል፤ ምግቡ ጥፋት እንዳለበት በሐኪም ሳይረጋገጥ የሚከለከል ልጅ ግን ችፌው ሳይለቀው ሰውነቱ ይከሳል። ልጁን ወደ ጠበል የሚወስድም ወላጅ አለ፤ እምነቱ የራሱ ነው፥ ነገር ግን የሐኪሙን መድኃኒት እንዲያቋርጥ የሚያስገድደው ነገር የለም።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ብርቱ ቅባት ነው። ስቴሮይድ የተባለው የመድኃኒት ዓይነት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. ሃይድሮኮርቲዞን በቅባትነት በቆዳ ሕመም ላይ ተሞክሮ ከተሳካ ወዲህ ለችፌ ዋና መድኃኒት ሆኖ ኖሯል። ከደካማው እስከ ብርቱው ብዙ ደረጃ አለው። ብርቱው፥ ፊትን ለማቅላት ሲሉ አንዳንድ ሰዎች የሚቀቡት እንደ ክሎቤታሶል ያለው ነው። ይህ በሕፃን ፊት ላይ ሲቀባ በሁለት በሦስት ቀን ተአምር የሠራ ይመስላል፤ እናቲቱም ደስ ይላታል፥ ለጎረቤትም ትመክራለች። ለብዙ ጊዜ ሲቀባ ግን ቆዳው ይሳሳል፥ የደም ሥሩ ይታያል፤ ሲቆምም ሕመሙ ከቀድሞው ብሶ ይመለሳል። በሰፊ ገላ ላይ ለረጅም ጊዜ ከተቀባ ደግሞ ወደ ደም ገብቶ የልጁን ዕድገት ሊገታ ይችላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለው ነው።

«ከዕፅ ብቻ የተቀመመ ነው» የሚለውም ቃል ሁልጊዜ አይታመንም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በወጣ ምርመራ፥ የቻይና ዕፅ ናቸው ተብለው ለቆዳ ሕመም ከተሰጡ 11 ቅባቶች በ8ቱ ውስጥ ዴክሳሜታሶን የተባለው ስቴሮይድ ተገኝቷል። ስምና ይዘቱ ያልተጻፈበትን ቅባት ለልጅ መቀባት፥ ያልታወቀ ምግብ ለልጅ እንደ ማጉረስ ይቆጠራል።

በሌላ ወገን ደግሞ ይህን የሰሙ ወላጆች ሐኪሙ አስቦ ያዘዘላቸውን ቅባት ፈርተው ጥቂት ብቻ ነካ አድርገው ይተዉታል፤ ልጁም ሳይድን ይቀራል። ሁለቱም ስሕተት ነው። መድኃኒቱ እንደ ምላጭ ነው፤ በሚያውቅ ሰው እጅ ይጠቅማል፥ በማያውቅ እጅ ያቆስላል። ሐኪሞች የሚያስተምሩት ልክ ለማንም አይከብድም፤ በትልቅ ሰው ሌባ ጣት ላይ ከመጀመሪያው መታጠፊያ እስከ ጫፉ ድረስ ከቱቦው የተጨመቀ ቅባት ግማሽ ግራም ያህል ነው፤ ይኸውም ሁለት የትልቅ ሰው መዳፍ ለሚያህል ቆዳ ይበቃል። ለፊት ደካማው፥ ለገላ ጠንከር ያለው፥ ሐኪሙ ለወሰነው ቀን ብቻ ይቀባል።

የሕክምናው መሠረት ግን በጣም ተራ ነገር ነው። ሕፃኑ ለብ ባለ ውኃ ከአምስት እስከ ዐሥር ደቂቃ ይታጠባል፤ ሽታ ያለው ሳሙና ይቀርለታል፤ ሳይፈተግ በለስላሳ ጨርቅ ይደረቃል፤ ገላው ገና እርጥበት ሳለው እንደ ቫዝሊን ያለ ሽታ የሌለው ቅባት በሙሉ ገላው ላይ ይቀባል። ቆዳው ደኅና በሚመስልበትም ቀን ይህ አይቋረጥም። ጥፍሩ ያጥራል። ሱፍና ናይሎን ከገላው ይርቃል፤ የአገር ጥጥ ግን ለእንዲህ ያለ ልጅ የተመቸ ልብስ ነው። ይህ ሁሉ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ችፌ በአንድ ቅባት ተነቅሎ የሚወጣ ሕመም ሳይሆን እየተጠበቀ የሚኖር ሕመም ነውና። ብዙ ልጆች ሲያድጉ ይቀልላቸዋል። በዚህ የማይመለስ ብርቱ ችፌ ላለበትም የቆዳ ሐኪም ሌላ መንገድ አለው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ ዱፒሉማብ የተባለው የመርፌ መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቅዶ፥ በ2022 ዓ.ም. ከስድስት ወር ጀምሮ ላሉ ሕፃናት ጭምር ሆኗል፤ ሆኖም ዋጋው ለተራ ቤተሰብ የሚደፈር አይደለም።

አንድ ነገር ግን ትዕግሥት የማይገባው አለ። ልጁ ትኩሳት ካለው፥ ቁስሉ ቢጫ ፈሳሽ አውጥቶ ከደረቀ፥ ወይም ትንንሽ ውኃ የቋጠሩ ነገሮች በአንድ ስፍራ ተሰብስበው በድንገት ከወጡና የሚያሙት ከሆነ፥ ነገ ሳይባል በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ አለበት። ይልቁንም ሕመሙ ወደ ዓይን ከቀረበ ብርሃኑን ሊያሳጣው ይችላል።

አሁን ጥያቄው ይህ ሕክምና ከየት ይገኛል የሚለው ነው። በአዲስ አበባ በቆዳ ሕክምና ስሙ የታወቀው አለርት ሆስፒታል ነው። በዘነበወርቅ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን በቆመው ሐኪም ቤት ስፍራ በ1958 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም. ደግሞ የአርማወር ሀንሰን የምርምር ተቋም በአጠገቡ ተቋቋመ። የሥጋ ደዌ የመጀመሪያ ምልክቱ በቆዳ ላይ ስለ ሆነ፥ ያንን በሽታ ለይቶ ለማወቅ የተማረው ሐኪም የቆዳን ሕመም ሁሉ ማወቅ ነበረበት፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ ይሸሸው የነበረ ስፍራ የብዙ ሕፃናት ተስፋ ለመሆን በቃ። ዛሬም በስሙ ብቻ ፈርቶ ልጁን ወደዚያ ከመውሰድ የሚያፍር ወላጅ ካለ፥ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን የአባቶች ቃል ያስብ።

ዳሩ ግን አለርት በከተማው ምዕራብ ነው። ከአያት ወይም ከቦሌ አራብሳ የምትነሣ እናት የሚያለቅስ ልጅ ታቅፋ፥ መገናኛን አልፋ፥ መሐል ከተማውን አቋርጣ፥ ጦር ኃይሎችን ተሻግራ ዘነበወርቅ ስትደርስ ቀኑ ይጋመሳል። ጥቁር አንበሳም ሆነ የካቲት 12 በመሐል ከተማ ያሉ ናቸው። ከተማው ወደ ምሥራቅ ሲሰፋ፥ ብዙ ሺህ ቤተሰብ ወደ ጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲሄድና ለሚ ኩራ የሚባል አዲስ ክፍለ ከተማ ሲቋቋም፥ ሐኪም ቤቶቹ በቀድሞ ስፍራቸው ቀርተዋል። በቦሌ የግል ክሊኒክ አይታጣም፤ ነገር ግን ችፌ አንድ ቀን ታይቶ የሚቀር ስላልሆነ፥ በየወሩ የሚከፈለው ገንዘብ የሠራተኛውን ቤተሰብ ያዳክመዋል። ስለዚህ ነው እናቲቱ ከቤቷ በታች ወዳለው መድኃኒት ቤት ገብታ «ለማሳከክ የሚሆን ስጡኝ» የምትለው። ጥፋቱ የእርሷ ብቻ አይደለም፤ የርቀቱም ነው።

ይህን ለማቃናት ታላቅ ሕንፃ መሥራት አያሻም። ጤና ጣቢያ በየወረዳው አለ፤ በዚያ ያሉት የጤና መኮንኖችና ነርሶች ችፌን ከእከክና ከጭርት ለይተው እንዲያውቁ፥ ቀላሉን እዚያው እንዲያክሙ፥ ብርቱውን ብቻ ወደ ላይ እንዲልኩ ቢሠለጥኑ፥ የእናቲቱ መንገድ በብዙ ያጥራል። ሃይድሮኮርቲዞንና ቤታሜታሶን በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያሉ ስለ ሆኑ ከጤና ጣቢያ መደርደሪያ ሊጠፉ አይገባም። የቆዳ ሐኪምም በወር ጥቂት ቀን ወደ ምሥራቁ ሐኪም ቤቶች ወጥቶ ቢያክም፥ አንድ ሐኪም ሲጓዝ መቶ እናት ከመጓዝ ይድናል። ብርቱዎቹ ቅባቶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጡ የሚቆጣጠረው ክፍል ይትጋ፤ ባለመድኃኒቱም ገዢውን «ለማን ነው? ዕድሜው ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅን የሙያው ክብር ያድርገው። የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪዎችም ችፌ እንደማይተላለፍ ተረድተው ልጁን ከጓደኞቹ መካከል ያስቀምጡት።

ከወላጅ የሚፈለገው ደግሞ አንድ ነው፤ ይኸውም ከአንድ ሐኪም ጋር መጽናት። በየሳምንቱ ደጅ የሚለውጥ ሰው የትኛው መድኃኒት እንደ ረዳ፥ የትኛውም እንደ ጎዳ ሳያውቅ ይቀራል፤ ሐኪሙም ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይጀምራል። የተቀባውን ስምና ቀን በወረቀት የጻፈች፥ ቱቦውንም ይዛ የመጣች እናት ግን ለሐኪሙ የግማሹን ሥራ ሠርታለታለች። ልጁ በሌሊት ተኝቶ ያደረበት ቤት ሁሉ ተኝቶ ያድራል፤ ተኝቶ ያደረ ልጅም ሲነጋ ይጫወታል፥ ይማራል፥ ያድጋል። ለዚህ ለአንድ ሌሊት እንቅልፍ ሲባል የሚደክም ወላጅ፥ ሐኪምና ባለሥልጣን ድካሙ ከንቱ አይሆንበትም።