ከነገሌ ቦረና ሆኖ በኤሌክትሪካል ማስተርስ፦ ለደመወዝ እርከን ወይስ ለቆላው ጥያቄ?

በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በሻኪሶ፣ በሞያሌ በኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ ተመርቀው ሥራ የሚጠብቁ ወጣቶች አሉ። አምስት ዓመት ተምረው፣ የመውጫ ፈተናውን አልፈው፣ አሁን ከፊሉ ስልክ ይጠግናል፤ ከፊሉ የቤት መብራት መስመር ይዘረጋል። ሁሉም ግን አንድ ጥያቄ አላቸው፦ «ማስተርስ ልቀጥል ወይስ ይቅርብኝ?»

ቤተሰብ «አሁንም ትምህርት?» ቢል አይፈረድበትም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም ድረስ በቦረና ቆላ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው በሚሊዮን የሚቆጠር ከብት አልቋል። ከብት ማለት ደግሞ በዚያ አገር የባንክ ደብተርም የልጅ ማስተማሪያም ነው። ስለዚህ ሁለት ዓመት ጨምሮ መማር ቀላል ነገር አይደለም። የአንድ ቤት ጥሪት ጉዳይ ነው።

የእኔ አቋም፦ ቀጥሉ። ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ይዛችሁ የምትሄዱት ጥያቄ ከቆላው የተነሳ ይሁን። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ።

እስቲ ዙሪያችንን እንይ። በጉጂና በባሌ መካከል በገናሌ ወንዝ ላይ የተሠራው ገናሌ ዳዋ 3 የኃይል ማመንጫ በ2012 ዓ.ም ተመረቀ። የማመንጨት አቅሙ 254 ሜጋ ዋት ነው። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ በደቡቡ በኩል ወደ ኬንያው ሱስዋ የሚዘልቀው መስመር ደግሞ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት፣ የ500 ኪሎ ቮልት ጉልበትና 2,000 ሜጋ ዋት የማስተላለፍ አቅም አለው። ከ2015 ዓ.ም መጀመሪያ ወራት ጀምሮ ኤሌክትሪክ ለኬንያ ይሸጥበታል። በጉጂ ምድር ያለው ቀንጢቻ ለዓመታት ታንታለም የወጣበት፣ ሊቲየምም የተገኘበት ቦታ ነው። ታንታለም በእጃችን በያዝነው ስልክ ውስጥ ላለው ካፓሲተር፣ ሊቲየም ለባትሪው ይውላል። ፀሐዩንማ የቆላ ሰው ያውቀዋል።

ኃይሉ፣ መስመሩ፣ ማዕድኑና ፀሐዩ የኤሌክትሪካል ኢንጂነር የዕለት እንጀራ ናቸው። አራቱም እኛው ደጅ ናቸው። ስለ አራቱ በእውቀት የሚከራከር የአካባቢው ልጅ ግን ስንት አለ? «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» ይባላል። ሞኝነቱ ግን የሰው ሳይሆን የእውቀት ማጣት ነው።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። ብዙ ሰው «መስመሩ በአጠገባችን እያለፈ ለምን እኛ መብራት የለንም?» እያለ ይቆጣል። ቁጣው ፍትሐዊ ነው፤ መልሱ ግን ምህንድስና ይፈልጋል። ወደ ኬንያ የሚሄደው መስመር ዲሲ ነው። ኤሌክትሪኩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስበት ነው። ቤታችን የምንጠቀመው ደግሞ ኤሲ ነው። ከዲሲ መስመር ላይ እንደ ሠፈር ሽቦ ትራንስፎርመር አስቀምጦ መቀንጠስ አይቻልም፤ መቀየሪያ ጣቢያ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ እጅግ ውድ ነው። እንግዲህ ትክክለኛው ጥያቄ «ለምን ከዚያ መስመር አይቀነጠስም?» አይደለም። «ለዚህ ቆላ የሚያዋጣው የቱ ነው? የኤሲ መስመር ማራዘም፣ የፀሐይ ሚኒግሪድ፣ ወይስ የሁለቱ ቅልቅል? ለየትኛው ከተማ የቱ?» የሚለው ነው። ይህ ራሱን የቻለ የማስተርስ ጥናት ነው፤ ሦስትና አራት ሰው ይመረቅበታል።

ችግሩ የድኅረ ምረቃ ትምህርታችን ብዙ ጊዜ ወደዚህ አይወስድም። ተማሪው በዓለም ሁሉ የሚታወቀውን መለማመጃ ኔትወርክ ማትላብ ላይ ይጭናል፤ አንድ አዲስ አልጎሪዝም ይሞክርበታል፤ ኪሳራው በዚህን ያህል በመቶ ቀነሰ ይላል፤ ይመረቃል። ጥራዙ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ዲግሪው የደመወዝ እርከን ያስጨምር ይሆናል፤ ነገሌ ላይ የሚጠፋውን መብራት ግን አንድ ደቂቃ አያሳጥረውም።

«ሥራ በሌለበት ሁለተኛ ዲግሪ ምን ይሠራል?» የሚለው ተቃውሞ ከባድ ነው። አላቃልለውም። ግን ሥራ የጠፋው ችግር ስለሌለ አይደለም። በድርቁ ጊዜ ውሃ ከጉድጓድ የሚያወጣ ፓምፕ ሲበላሽ የሚጠግን ሰው ከሩቅ ይጠበቃል። የፀሐይ ፓምፕ ተተክሎ ኮንትሮለሩ ሲቃጠል ፓኔሉ ለጌጥ ይቀራል። የውሃው መጠን ሲወርድ ፓምፑ ራሱን እንዲያጠፋ የሚያደርግ ርካሽ ሴንሰር ቢኖር ስንት ሞተር ይተርፍ ነበር? ይህን የሚሠራ ሰው ቀጣሪ ላያገኝ ይችላል፤ ደንበኛ ግን አያጣም። የመጀመሪያ ዲግሪ ዕቃውን ለመትከል ያበቃል። ዕቃውን ለዚህ አየር፣ ለዚህ አቧራ፣ ለዚህ ጥልቅ ኤላ አስተካክሎ ለመንደፍ ግን ከዚያ በላይ መማር ያስፈልጋል።

«ይማሩና ይሄዳሉ» የሚለው ሁለተኛው ተቃውሞ ነው። ይሄዳሉ፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሰውን በአለማስተማር ማስቀረት አይቻልም፤ ሳይማር የሚሄደው በበረሃ ነው። ተምሮ የሄደ ቢያንስ ስልክ ሲደወልለት ጥያቄ የሚመልስ ባለሙያ ይሆናል።

አሁን ወደ ተግባር።

ለተመራቂው፦ አዲስ አበባ 5 ኪሎን፣ አዳማን፣ ጅማን፣ አርባ ምንጭን፣ ሐዋሳን ከማሰባችሁ በፊት አንድ ገጽ ጻፉ። የከተማችሁን አንድ ችግር፣ ያላችሁን መረጃ፣ የጎደለውን መረጃ። የመግቢያ ፈተናው እንግሊዝኛና ሒሳብ ነክ ማሰላሰል ስለሚጠይቅ ለሱ በየቀኑ አንድ ሰዓት ይበቃል፤ ያቺ ገጽ ግን አማካሪ ታስገኛለች። ውጭ የምታስቡ ከሆነ፣ በአሜሪካ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ዶክትሬት ይቀበላሉ፤ በማስተማር ወይም በምርምር ረዳትነት ክፍያውን ይሸፍናሉ። ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ በእነሱ ታኅሣሥና ጥር ስለሚዘጋ ዝግጅቱ ዓመት ቀድሞ ይጀመር። የማመልከቻ ክፍያ መክፈል ካቃታችሁ ምሕረት ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ደግሞ ሁሉም ሰሜን ሰሜን አያይ። ከሞያሌ አዲስ አበባና ከሞያሌ ናይሮቢ ያለው ርቀት ሊመጣጠን ምንም አይቀረው። ናይሮቢ አጠገብ ጁጃ ላይ የአፍሪካ ኅብረት የፓን አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ተቋም በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ማስተርስ ለአፍሪካ ልጆች በስኮላርሺፕ ያስተምራል። በአልጄሪያ ትለምሰን ያለው እህት ተቋሙ ደግሞ በውሃና በኢነርጂ ላይ ያተኩራል። ለድርቅ አገር ልጅ ከዚህ የበለጠ ምን ይምጣ?

ለዩኒቨርሲቲዎች፦ ያቤሎ ላይ ቦረና ዩኒቨርሲቲ፣ ቡሌ ሆራ ላይ ቡሌ ሆራ ዩኒቨርሲቲ አሉ። ሁሉንም የድኅረ ምረቃ ፕሮግራም ለመክፈት ከመሽቀዳደም፣ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጥቶ የመስክ ልኬት የሚወስድበት አንድ ደህና ላቦራቶሪና ማደሪያ ቢያዘጋጁ ይበልጥ ይጠቅማሉ። የፀሐይ፣ የሙቀት፣ የአቧራ፣ የኃይል መቆራረጥ መረጃ በየሰዓቱ መዝግቦ ለተመራማሪ ክፍት ማድረግ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ለመብራት ኃይል፦ መረጃ ስጡ። አንድ ተማሪ የሰብስቴሽን የጭነት መዝገብ ለማየት ወር ሙሉ ደብዳቤ ይዞ መመላለስ የለበትም። መረጃ ካጣ ወደዚያው መለማመጃ ኔትወርክ ይመለሳል።

በመጨረሻም ለአገር ሽማግሌዎችና ለነጋዴዎች። ቡሳ ጎኖፋ የሚባል ትልቅ ሥርዓት አላችሁ፤ ከብቱ ያለቀበትን ሰው ጎረቤቱና ጎሳው ከብት ሰጥቶ መልሶ ያቋቁመዋል። በዚያው መንፈስ በዓመት ሁለት ተማሪ በኢነርጂና በውሃ ቴክኖሎጂ ማስተርስ ብታስተምሩና «ጥናትህን እዚሁ ሥራ፣ ውጤቱን መጥተህ በቋንቋችን አስረዳን» ብላችሁ ብታስምሉ፣ ከማንም ስኮላርሺፕ ይበልጣል።

ነገሌ የየትኛው ዞን መቀመጫ ይሁን በሚለው ላይ በ2015 ዓ.ም ብዙ ተነጋግረናል፤ ሕይወትም ጠፍቷል። ዞኑ የማንም ይሁን የማን፣ ማታ መብራት ሲጠፋ ሁላችንም እኩል እንጨልማለን። ለዚያ ጨለማ የሚሆን ሰው ማስተማር ግን እስካሁን የስብሰባ አጀንዳ ሆኖ አላየሁም። ይሁን እላለሁ። እናንተስ?